ጣሪያው ሲነቀል ቤት የሚውለው ማን ነው?

አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለው ግቢያችን በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ለሚያየው ሰው ባዶ ይመስላል። መኪና ማቆሚያው ግማሹ ክፍት ነው፤ የልጆች መጫወቻው ጭር ብሏል፤ ደረጃው ላይ የሚወጣ የሚወርድ የለም። በየበሩ ገብታችሁ ብታዩ ግን ሕንጻው ሙሉ ነው። እኔ ከሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ተመልሼ መጋረጃ ጋርጄ ተኝቻለሁ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ልብስ ታጥፋለች። ፊት ለፊታችን ያሉት እማማ፣ ልጃቸው ሥራ ውላ እስክትመጣ ሁለት ሕፃናት ይጠብቃሉ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አራስ አለች። አንደኛው ፎቅ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ያደረ ጎረቤታችን ተኝቷል፤ ከእሱ ጎን የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ሰክተው የሚውሉ የኤልሳልቫዶር ሽማግሌ አሉ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር አበሻ ይህን ኑሮ ያውቀዋል። ብዙዎቻችን የምንሠራው ሌላው ሰው ሲተኛ ነው፤ ልጆቻችንን የሚያሳድጉልንም ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችን ናቸው።

ይህን የምዘረዝረው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው ጥቅምት የሕንጻችን ጣሪያ ሲቀየር የደረሰብን መከራ ሁሉ የመጣው፣ ሥራውን ያቀዱት ሰዎች ቀን ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ በመጀመራቸው ነው።

ሕንጻዎቹ በ1960ዎቹ የተሠሩ፣ ሦስት ፎቅ ያላቸው፣ አሳንሰር የሌላቸው የጡብ ቤቶች ናቸው። ሰሜን ቨርጂኒያ በእንዲህ ዓይነት ቤት የተሞላ ነው። በአንድ ደረጃ ብዙ ቤተሰብ ይወጣበታል፤ ለአንድ ደረጃ ደግሞ ያለው አንድ ዋና በር ነው። ጣሪያው ወደ ሁለት ወገን ያዘቀዘቀ ሆኖ አስፋልት ሺንግል ለብሷል። ሺንግል አይታችሁ ለማታውቁ፣ ሬንጅ የጠጣ፣ ላዩ ላይ ደቃቅ ጠጠር የተነሰነሰበት፣ ተደራርቦ በሚስማር የሚመታ ንጣፍ ነው። ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዱ እስር ከ25 እስከ 35 ኪሎ ይመዝናል፤ 10 ጫማ በ10 ጫማ የሆነ ቦታ ለመሸፈን ብዙውን ጊዜ ሦስት እስር ይፈልጋል። በአሮጌው ላይ አዲስ መደረብ የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለት ድርብ ያለው ጣሪያ ጊዜው ሲደርስ እስከ ጣውላው ድረስ መነቀል አለበት። የእኛ እንደዚያ ነበር። ስለዚህ ብዙ ቶን የሚመዝን አሮጌ ሬንጅ፣ ሚስማሩን እንደያዘ፣ ከራሳችን በላይ ተነቅሎ መሬት መውረድ ነበረበት።

ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ አንድ ወረቀት ነው፤ የመግቢያው መስታወት ላይ ተለጥፏል። መኪናችሁን አንሡ፣ ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን አውርዱ፣ ድምፅ ይኖራል ይላል። አንብቤ መኪናዬን አነሣሁ። የእናቴን የኪዳነ ምሕረት ሥዕልም በነጠላ ጠቅልዬ አወረድኩ። በየትኛው በር እንደምንገባና እንደምንወጣ፣ የትምህርት ቤት አውቶብስ በሚመጣበት ሰዓት ምን እንደሚደረግ፣ ደረጃ መውረድ የማይችል ሰው ወዴት እንደሚሄድ ግን ወረቀቱ ምንም አይናገርም። ኪራይ ቢሮ ደውዬ ስጠይቅ «ኮንትራክተሩ ያውቅበታል» አሉኝ።

ሥራው በተጀመረበት ማለዳ ከፈረቃ ስመለስ ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር። ከሩቅ የሚሰማኝ አካፋ ጣውላ ላይ ሲፍቅ ነው። ቀረብ ስል የእኛ ደረጃ መግቢያ ፊት ሰማያዊ ሸራ ተነጥፎ አየሁ፤ ከላይ የተነቀለው ሺንግል እየተጠቀለለ በቀጥታ እሱ ላይ ይወርዳል። ግራና ቀኝ ቢጫ ሪባን ተወጥሯል። ሪባኑ ከውጭ የሚመጣውን ያስቆማል፤ ከውስጥ ለሚወጣው ግን ምንም የለም። በመስታወቱ ውስጥ እናቴን አየኋት። ልጄን ቦርሳውን አሸክማ፣ እጁን ይዛ፣ አውቶብስ ልታሳፍረው ትወርዳለች።

«እማዬ! እንዳትወጪ! እዚያው ቁሚ!» ብዬ ጮህኩ። ላይ ያሉት ይፍቃሉ፤ ሚስማር መምቻውን የሚነፋው ኮምፕረሰር ያጓራል። ድምፄ ቢደርሳትም ቃሉ አልደረሳትም። ምን እንደምል ለመስማት በሩን ከፈተችው። ያን ጊዜ የበሰበሰ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ፣ የበር ግማሽ የሚያህል፣ ከጣሪያው ጠርዝ ተንሸራቶ ወርዶ ደፉ ላይ ተሰነጠቀ። በእሱና በእነሱ መካከል አንድ እርምጃ አልነበረም። በጩኸቱ ከእንቅልፉ ተነሥቶ የወጣው ባለታክሲው ጎረቤታችን ነጠላዋን ከኋላ ይዞ ሁለቱንም ወደ ውስጥ ጎተታቸው።

«በስመ አብ!» አለች እናቴ። ልጄ ዝም ብሎ እንጨቱን ያያል። እኔ ከሸራው ወዲህ ቆሜ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

በዚህ አገር ለእንዲህ ያለው ነገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ1970 የወጣው ሕግ ያቋቋመው፣ ኦሻ የሚባለው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ከ20 ጫማ ማለትም ከ6 ሜትር ገደማ በላይ ከሕንጻው ውጪ የሚጣል ማንኛውም ነገር በተዘጋ ማውረጃ ቱቦ ውስጥ ይውረድ ይላል። የሦስት ፎቅ ጣሪያ ጠርዝ ከዚያ ያልፋል። ነገር ግን የኦሻ ሥራ ሠራተኛውን መጠበቅ ነው። ለቀጣሪና ለተቀጣሪ የተጻፈ ደንብ ስለሆነ፣ ከፋቂዎቹ በታች ልጅ ይዛ ለምትወርድ አያት በስሟ የሚናገርላት አንቀጽ የለውም። እሷን የሚመለከታት የሕንጻ ኮዱ ነው። ቨርጂኒያ የተቀበለችው ኮድ፣ ሰው ከሥራው ግድግዳ ሥር ተጠግቶ የሚያልፍ ከሆነ በላዩ የተከደነ መተላለፊያ እንዲሠራ፣ ውስጡም ከ8 ጫማ ያላነሰ ከፍታ እንዲኖረው፣ ክዳኑም በእያንዳንዱ ስኩዌር ጫማ 150 ፓውንድ እንዲሸከም ያዛል። ሰው እየኖረበት የሚታደስ ሕንጻም መውጫው ሥራው እስኪያልቅ እንዳይዘጋ ይላል። ይህ ሁለተኛው ነገር ቀላል አይደለም። እሳት ቢነሣ እኛ ያለን በር ያ ሺንግል የሚዘንብበት በር ነው። በጠንካራ እንጨትና በኮምፔንሳቶ ጥሩ አናጺዎች በአጭር ጊዜ የሚያቆሙት መከላከያ ስለቀረ ብቻ ሁለት ነፍስ ልትጠፋ ነበር።

አለቃቸው ከላይ ወርዶ መጣ። ኤልሳልቫዶራዊ ነው፤ ቀበቶውንና ገመዱን እንደታጠቀ እናቴን ሲያይ የራስ ቁሩን አወለቀ። የእሱ አገር ሰዎች እዚህ ብዙ ናቸው፤ አርላንድሪያ የሚባለውን የከተማችንን ሰፈር ራሳቸው ቺሪላጓ ይሉታል፣ በምሥራቅ ኤልሳልቫዶር ባለች ከተማ ስም። ከሁለተኛው ፎቅ የመጣ ወጣት አስተረጎመልን። ሰውየው ቢሮው «ተከራዩ ሁሉ ያውቃል፣ ቀን ሰው የለም» ብሎ እንደነገረው፣ መተላለፊያና ቱቦ ውሉ ውስጥ እንዳልገባ ተናገረ። አመንኩት። እነዚህ ሰዎች ራሳቸው ነፍሳቸውን ገመድ ላይ አንጠልጥለው ነው የሚሠሩት። የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየዓመቱ በሚያወጣው የሞት ዝርዝር ጣሪያ ሠሪዎች ከአደገኛዎቹ ሙያዎች የፊት ተርታ አይጠፉም። የታችኛውን ሰው የሚጠብቅ ዕቅድ ብዙ ጊዜ የላይኛውንም ይጠብቃል፤ አንዱን የረሳ ሌላውን ሲረሳም አይቻለሁ። በዚያ ቀን ከፋቂዎቹ ሁለቱ ያለ ገመድ ነበሩ።

እናቴ ስትረጋጋ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው። «ከታች የሚቆመው ሰው የታለ?» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሷ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባደገችበት ቤት፣ አባቷ የሣር ክዳኑን አፍርሰው ቆርቆሮ ሲያለብሱ፣ በዋዜማው ልጆቹ በሙሉ አክስቷ ቤት እንዲያድሩ ተላኩ። ከብቱ ከደጅ ተነሣ። ጎረቤቱ በደቦ ሲወጣ፣ ለመውጣት ዕድሜያቸው ያልፈቀደላቸው አንድ አዛውንት ብቻ በትራቸውን ይዘው ከታች ቆሙ። ሥራቸው ሌላ ምንም አልነበረም፤ ላይ ያለው እንጨት ሊጥል ሲል «ቆይ!» ይላሉ፣ የሚያልፈውን «ወዲያ በል!» ይላሉ። ማታ ጠላ ሲቀዳ መጀመሪያ የተቀዳላቸው እሳቸው ናቸው። ወጣቱ ይህን ሲያስተረጉም አለቃው ራሱን ነቀነቀ፤ እነሱም አገራቸው እንደዚያ እንደሚያደርጉ ነገረን። ከሰዎቹ አንዱን ወዲያው ከታች አቆመ። ልጄ አውቶብሱ ስላመለጠው በመኪና አደረስኩት።

የሚቀጥለው መከራ የመጣው በዝናብ ነው። ጣሪያ ሲነቀል ጥሩ ሠራተኛ በዕለቱ ደግሞ ሊሸፍን የሚችለውን ያህል ብቻ ይነቅላል፤ ማታ ባዶ ጣውላ አያሳድርም። የእኛዎቹ የሥራ ቀናቸው አጭር ተደርጎ ስለተቆጠረባቸው ከሚችሉት በላይ ገፍፈው ሸራ አለበሱት። ማታ ነፋሱ ሲነሣ የሸራው ጫፍ መጨብጨብ ጀመረ፤ ቀጥሎ ተገለበጠ። እማማ በራችንን አንኳኩ። «ልጄ፣ ከመብራቱ ውስጥ ውሃ ይወርዳል» አሉኝ። ሄጄ ሳይ ከማድ ቤታቸው አምፖል ዙሪያ ይንጠባጠባል፤ የጂፕሰሙ ኮርኒስ እንደ ቡሖ ሊጥ አብጧል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። እንዲህ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚሮጠው ባልዲ ፍለጋ ነው። መጀመሪያ የሚጠፋው ግን የዚያ ክፍል መብራት ነው፤ እሱም ግድግዳው ላይ ባለው ማብሪያ ሳይሆን፣ እጅም እግርም ደረቅ ሆኖ፣ ከብሬከሩ ሳጥን። ሳጥኑ ዘንድ ለመድረስ ውሃ መርገጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ ትቶ ወጥቶ መደወል ነው። ያበጠው ኮርኒስ ሥርም አይቆምም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ የራሰ ጂፕሰም ያን ተሸክሞ ብዙ አይቆይም። ሕፃናቱን ከእነብርድ ልብሳቸው ወደ እኛ አሻገርናቸው፤ እማማ የመድኃኒት ቦርሳቸውን ብቻ ይዘው ወጡ። ቆየት ብሎ ኮርኒሱ ምድጃው ላይ ወደቀ። እማማ ሌሊቱን ያደሩት ከእናቴ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ተብሎ ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ቁጥር ስንደውል ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ውሃም እንጨትም አልነበረም፤ የመጣውም ሥራው ተጠናቅቆ፣ አዲሱ ጣሪያ ካማረ በኋላ ነው። ቅዝቃዜው ገብቶ መስኮት ሁሉ ተዘግቷል። እኔ የዚያን ሌሊት ሥራ አልነበረኝም። አራሷ ባለቤቷን ልካ እናቴን አስጠራች፤ ራሷን ይፈልጣታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ትኩሳት ግን የላትም። ኮሪደሩ ላይ ያለው አላርም ጮኾ ነበር፤ ቡና ተፈልቶ ዕጣን ስለጨሰ የዕጣኑ ጭስ ነው ብለው አውርደውታል። እናቴ ገብታ የአራሷን ፊት አየች፤ ባልየውን «አንተንስ ያምሃል?» አለችው። አዎ አለ። «ይህ የከሰል ራስ ምታት ነው» አለች። «ሕፃኑን አምጡ፤ ሁላችሁም ውጡ!»

ከሰል የለም። ግን አልተሳሳተችም። አገር ቤት በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ በሩን ዘግቶ የተኛ ቤተሰብ ሳይነቃ ሲቀር የሰማ ሁሉ ይህን መርዝ ያውቀዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነት አየር እየተነፈሰ ይታፈናል። እሳት አደጋ ባይነሣም በዚህ ጋዝ ብቻ በአሜሪካ በየዓመቱ ከ400 ሰው በላይ እንደሚሞት የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ይናገራል።

911 ደወልን። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ መለኪያቸውን ይዘው ገቡ፤ ሕንጻውን በሙሉ አስወጡን። ኦክስጅን የሚጠቀሙትን ሽማግሌ ባለታክሲውና አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ በወንበር ተሸክመው አወጧቸው። ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባቸውም። በየቤቱ ቁም ሳጥን ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ አለ፤ የጭስ መውጫው ቱቦ በኮርኒሱ አልፎ በጣሪያው ይወጣል። ሠራተኞቹ በቱቦው ዙሪያ ያለውን አሮጌ ቆርቆሮና ሬንጅ ሲነቅሉ ቱቦውን ወደ ላይ ስበውታል፤ ከታች መጋጠሚያው ለቋል። ከጣሪያ ላይ ሆኖ ለሚያየው ቱቦው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አዲስ ክፈፍም ተደርጎለታል። ከታች ግን ጭሱ ቤት ውስጥ ይቀራል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፍርስራሽ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይዘጋዋል። ጣሪያ የሚያስቀይር ማንም ሰው ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ይህን ይያዝልኝ፤ የዕለቱ ሥራ ባለቀበት ማታ ሰው ከመተኛቱ በፊት እያንዳንዱ የጋዝ ማሞቂያ ጭሱን በትክክል ወደ ውጭ እንደሚያወጣ በባለሙያ መታየት አለበት፤ አላርሙም መሥራቱ መረጋገጥ አለበት። አራሷና ሕፃኑ ሆስፒታል ታይተው በሰላም ተመለሱ። እናቴ ባትኖር ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ዛሬም ሌሊት ፈረቃ ላይ አስባለሁ።

ስለ ሚስማርም ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚንቀው። አንድ ሺንግል ቢያንስ በአራት ሚስማር ይመታል፤ 10 ጫማ በ10 ጫማው ከ300 በላይ ሚስማር ይበላል። የአንድ ሕንጻ ጣሪያ ሲነቀል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሚስማር ይፈናቀላል ማለት ነው። በጎማ የሚገፋ ማግኔት አለ፤ በሣሩና በአስፋልቱ ላይ ሲነዱት የብረቱን ይለቅማል። የአሉሚኒየሙን ግን አያነሣም፤ ለእሱ ዓይንና እጅ ያስፈልጋል። የልጆች መጫወቻ ሥር የተደለደለው የእንጨት ፍቅፋቂም ሚስማር ይውጣል፤ ማግኔቱ ላይ ላዩን ብቻ ነው የሚያገኘው። ባለታክሲው ጎረቤታችን ጎማው ተንፍሶ አንድ ሙሉ ሌሊት ሥራ ቀረ። መኪናው መሥሪያው ለሆነ ሰው ያ የቤት ኪራይ ገንዘብ ነው፤ የመለሰለት ደግሞ የለም።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። አበሻው፣ ኤልሳልቫዶራዊው፣ አፍጋኒስታናዊው፣ ከዚህ ቀደም በደረጃ ላይ ሰላምታ ብቻ የምንለዋወጥ ሰዎች ነን። መጀመሪያ ያደረግነው ዝርዝር መሥራት ነው፤ በየትኛው ቤት ቀን ማን ይውላል፣ ማን ይተኛል፣ ማን ደረጃ አይወርድም፣ ማን በመብራት የሚሠራ የሕክምና መሣሪያ አለው። ዝርዝሩን ለኪራይ ቢሮው ስንሰጥ ሥራ አስኪያጇ ለረጅም ጊዜ አነበበችው። ይህን ያህል ሰው ቀን እንደሚውል እንደማታውቅ ነገረችን፤ ከልቧ እንደሆነ ፊቷ ይናገር ነበር። ግቢው ውስጥ ገና የሚነቀሉ ሌሎች ሕንጻዎች አሉ፤ እነሱ ውስጥም እንደ እኛ ያሉ ሰዎች አሉ።

ሁለተኛው ሕንጻ ሲጀመር ልዩነቱ ከሩቅ ይታይ ነበር። በየመግቢያው በጠንካራ እንጨት የቆመ፣ በወፍራም ኮምፔንሳቶ የተከደነ መተላለፊያ ተሠራ። ሺንግሉ በቱቦ በቀጥታ ወደ ብረት ገንዳው ይወርዳል፤ ገንዳው ከበሩ ሳይሆን ከሕንጻው ጀርባ ቆሟል። የትምህርት ቤት አውቶብስ በሚመጣበትና በሚመለስበት ሰዓት ላይ ያሉት አካፋቸውን ያስቀምጣሉ። ማታ መሰላሉ ይወርድና በሰንሰለት ይታሰራል፣ ልጅ እንዳይወጣበት። ባዶ ከነበሩት ቤቶች ሁለቱ ለሌሊት ሠራተኞች መተኛና ሕፃን ለያዙ መዋያ ተከፈቱ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በአማርኛና በዳሪ በየቤቱ በር ተሰጠ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ አንድ አንድ ሰው ተመድቦ ቃሉን በአፍ አደረሰ። አረንጓዴ ሰደርያ የለበሰ፣ ፊሽካ የያዘ ሠራተኛ ከጠዋት እስከ ማታ ከታች ይቆማል። እናቴ በመጀመሪያው ቀን ቡና ይዛለት ወረደች፤ ሲኒውን ከመቀበሉ በፊት ሌላ ሰው በቦታው እንዲቆም ጠራ።

አሁን ሦስተኛው ሕንጻ ሊጀመር ነው። ያልተስማማንበት አንድ ነገር ቀርቷል። እኛ የጋዝ ማሞቂያዎቹ በየማታው፣ የዚያን ቀን ጣሪያቸው በተነካባቸው ቤቶች ሁሉ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይታዩ ብለናል። ቢሮው ወጪው ስለሚበዛ ሥራው ሲጠናቀቅ አንድ ጊዜ ይበቃል ይላል። የአራሷ ባል ያን ሌሊት የተጻፈውን የእሳት አደጋ ክፍሉን ሪፖርት ኮፒ አድርጎ አምጥቷል፤ ሐሙስ ማታ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ በድጋሚ እንነጋገራለን።